ከጠየቅን በኋላስ? የማኅበረሰብን የአእምሮ ጤና ስለ መለካት

ጤና ይስጥልኝ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በጀት የምትመድቡ አላችሁ። ሶሻል ወርከሮች አላችሁ። ቤት ለቤት እየዞራችሁ መረጃ የምትሰበስቡም አላችሁ። ለሦስታችሁም የምለው አለኝ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከአንድ ቤት ልጀምር። ገና ሥራ የያዝኩ ሰሞን መረጃ ሰብሳቢ ነበርኩ። የያዝኩት መጠይቅ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኤስአርኪው-20 ነው። ሃያ ጥያቄ አለው። መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠረም ሰው ጠያቂው እያነበበለት ይመልሰዋል። «ብዙ ጊዜ ራስ ምታት አለብዎት?» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የምግብ ፍላጎት፣ እንቅልፍ፣ ድንጋጤ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ እያለ ይወርዳል። ጥያቄ 17 ላይ ሲደርስ ሕይወትን ስለማጥፋት ይጠይቃል።

አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ቤት ገባሁ። በር ላይ ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን ልብስ ይጥፋሉ። እየጣፉ ይመልሱልኝ ነበር። ራስ ምታት? አዎ። እንቅልፍ? የለም። የዕለት ሥራዎ ይከብድዎታል? አዪ፣ ድካሙስ። 17 ላይ ስንደርስ እጃቸው ቆመ። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩት። ቀና ብለው አዩኝና «አዎ፣ አስባለሁ» አሉ።

እኔም እንደሠለጠንኩት «አዎ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ። ወደ 18 ላልፍ ስል «ልጄ፣ ከዚህ በኋላስ?» አሉኝ።

የምሰጣቸው መልስ አልነበረኝም። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ሌላ ባዶ መጠይቅና ሁለት እስክሪብቶ ነው። የምልክበት ሰው ስም የለኝም። ስልክ የለኝም። ያሰማራን መሥሪያ ቤት ስለዚህ አንድ ቃል አልነገረንም። እኔም አልጠየቅሁም ነበር። መጠይቁን ዘጋሁና አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ፈቅደውልኝ ቅርብ ያለችውን ልጃቸውን አስጠራሁ። እሷ እስክትመጣ ጠበቅሁ። ከዚያ በላይ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር።

ያ ጥናት ተጠናቀቀ። ሪፖርቱ ታተመ። እሳቸው በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ካለ አንድ መቶኛ ውስጥ ገቡ። ሪፖርቱ የለወጠው ውሳኔ ስለመኖሩ ለዓመታት ፈልጌያለሁ። አላገኘሁም።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ከዚያ ቤት የመጣ ነው። አንድን ማኅበረሰብ ስለ አእምሮ ጤናው ከመጠየቃችን በፊት መልሱ የት እንደሚሄድ ማወቅ አለብን። ማን ያነበዋል? በየትኛው ወር? አሃዙ ከፍ ቢል ምን ያደርጋል፣ ዝቅ ቢልስ? ሁለቱም ቢሆን የሚደረገው ያው ከሆነ፣ የሰው በር አናንኳኳ።

ይህን ስል ቆጠራ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ባለመቆጠሩ የተረሳ ነገር ቢኖር የአእምሮ ሕመም ነው። ለረጅም ጊዜ የዓለም የጤና አሃዝ የሚለካው በሞት ነበር። ስንት ሰው በወባ ሞተ፣ ስንት ሕፃን በተቅማጥ ሞተ እየተባለ። በድብርት ዓመታት ከአልጋ ያልወረደ ሰው በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም። አልሞተማ። በ1990ዎቹ የሃርቫርድ፣ የዓለም ባንክና የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ሌላ ስሌት ይዘው መጡ። በሞት የጠፋውን ዕድሜ ብቻ ሳይሆን በሕመም ውስጥ ያለፈውን ዓመትም አብረው ደመሩ። በ1996 ውጤቱ ሲወጣ ድብርት በ1990 ከነበሩት የዓለም የጤና ሸክሞች ሁሉ አራተኛ ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹ ድሮም ታመው ነበር። የተቀየረው የመቁጠሪያው መንገድ ነው።

ቁጥር ግን በትክክል ተቆጥሮም በስህተት ይነበባል። ኤድዋርድ ጃርቪስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነበር። በ1855 ስለ ማሳቹሴትስ ግዛት ያቀረበው ሪፖርት በዘርፉ ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ቆጠራዎች አንዱ ነው። በየመንደሩ ላሉ ሐኪሞችና ቀሳውስት ጽፎ፣ በአካባቢያቸው ስንት የአእምሮ ሕመምተኛ እንደሚያውቁ ጠየቀ። 2,632 ሰው ቆጠረ። በድኾች ዘንድ ሕመሙ ራሳቸውን ከቻሉት 64 እጥፍ ሆኖ አገኘው። እዚህ ድረስ ትልቅ ሥራ ነው። ከዚያ ግን ሁለቱንም፣ ድህነቱንም ሕመሙንም፣ የሚያመጣው የሰዎቹ የተፈጥሮ ድክመት ነው ብሎ ደመደመ። የአየርላንድ ስደተኞች ላይ የነበረው የዘመኑ ንቀት በንባቡ ውስጥ ገባ። ድህነትና ስደት ራሳቸው ሰውን ያሳምማሉ የሚለው ሐሳብ ሚዛን ሳይደፋ ቀረ። ያው ቁጥር በሌላ ሰው እጅ ቢሆን ወደ ሌላ ውሳኔ ይወስድ ነበር።

አሁን ወደ መሣሪያው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ነውና።

የመጀመሪያው ጉዳይ ቋንቋ ነው። ሲኢኤስ-ዲ የሚባል በ1977 የወጣ የድብርት መጠይቅ አለ። አንዱ ጥያቄው እንግሊዞች ሐዘንን በሰማያዊ ቀለም በሚጠሩበት አነጋገር የተጻፈ ነው። ቃል በቃል ቢተረጎም ሰሚው ግራ ይገባዋል። ይሄ ግልጽ ስለሆነ ማንም አይስተውም። የሚያስቸግረው ስውሩ ነው። ለምሳሌ «ድብርት» የሚለውን የራሳችንን ቃል ውሰዱ። ለሐኪሙ የሕመም ስም ነው። ለወጣቱ ግን «ደበረኝ» ማለት ሰለቸኝ፣ ከፋኝ፣ ሙዴ ጠፋ ማለት ነው። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ድብርት ተሰምቶህ ያውቃል?» ብትሉት «እንዴ፣ በየቀኑ!» ይላችኋል። በሌላ በኩል የከፋ ሕመም ያለባት እናት ቃሉን አትጠቀምበትም። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «ጭንቅ ጥብብ ይለኛል»፣ «ልቤን ከበደኝ» ትላለች። ድብርት አለብሽ ወይ ስትባል «አይ» ትላለች። ወጣቱ ታማሚ ሆኖ ይቆጠራል፣ እሷ ጤነኛ። አንድ ቃል ነው ይህን ሁሉ ያደረገው።

ይህን ችግር በደንብ የያዙት ሥራዎች ሁሉ የጀመሩት ከማዳመጥ ነው። ዚምባብዌ ውስጥ በሾና ቋንቋ ሰዎች «ኩፉንጊሲሳ» ይላሉ፤ ከመጠን በላይ ማሰብ፣ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ይህን ቃል ይዘው የሾና የምልክቶች መጠይቅ የሚባለውን 14 ጥያቄ ያለው መሣሪያ ሠሩ። በሩዋንዳም የተመራማሪው ፖል ቦልተን ቡድን ሰዎችን «ከዘር ማጥፋቱ በኋላ ምን ችግር አያችሁ?» ብሎ ነበር የጠየቀው። መጠይቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከመልሶቹ መካከል «አጋሂንዳ ጋካቢጄ» የሚል ስም ነበር፤ ከባድ ሐዘን ማለት ነው። ምልክቶቹ ድብርት ከሚባለው ጋር በብዙ ይገናኛሉ። ጥያቄዎቹ በሕዝቡ ቃል ሲጻፉ መላሹም ጠያቂውም ስለ አንድ ነገር ያወራሉ።

በነገራችን ላይ ያው ቡድን ሌላም ነገር አድርጓል። «አንዲት ሴት በየቀኑ ምን ምን ትሠራለች? አንድ ወንድስ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ለሴትና ለወንድ የተለያየ የሥራና የኑሮ መለኪያ አወጣ። ሕመም የሚከብደው ሰው ሥራውን፣ ቤተሰቡን፣ ጎረቤቱን ሲያስተወው ነው። ይህን ሳንጠይቅ ምልክት ብቻ ብንቆጥር ማን አስቸኳይ እርዳታ እንደሚሻ አናውቅም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሂሳብ ነው። እባካችሁ አትሽሹኝ፤ ቀላል ነው።

በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው የድብርት መጠይቆች አንዱ ፒኤችኪው-9 ነው። በ2001 የወጣ፣ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ነው። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው፤ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው «ድብርት ሊኖርበት ይችላል» ይባላል። «ሊኖርበት ይችላል» የሚለውን አስምሩበት። መጠይቁ ወንፊት ነው። ሐኪም አይደለም። መጀመሪያ በተፈተነበት ጥናት ከታመሙት 100 ሰዎች 88ቱን ይይዛል፤ ካልታመሙት 100 ደግሞ 88ቱን በትክክል ያሳልፋል። ጥሩ ወንፊት ነው።

አሁን 1,000 ሰው ያለበት ሰፈር እናስብ። ከነሱ ውስጥ በእውነት ድብርት ያለባቸው 100 ናቸው እንበል። ወንፊቱ 88ቱን ያዘ። ጤነኞቹ 900 ናቸው። ከእነሱ ከመቶ 12ቱን በስህተት ይይዛል፤ ይህ 108 ሰው ነው። 88 እና 108 ሲደመር 196። ሪፖርቱ «ከአምስት ሰው አንዱ ድብርት አለበት» ብሎ ይወጣል። እውነቱ ግን ከአሥር አንድ ነው። እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከተያዙት ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕመሙ የለባቸውም።

ይህ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ቀጥዬ የምናገረውን ግን በጀት የምትመድቡ ሰዎች በተለይ ልብ በሉልኝ። በዚያ ሰፈር ጥሩ አገልግሎት ተከፈተ እንበል። ከዓመታት በኋላ የታመሙት በግማሽ ቀንሰው 50 ሆኑ። ትልቅ ድል ነው። እንደገና ለካን። ወንፊቱ ከ50ዎቹ 44 ያዘ። ከ950 ጤነኞች ደግሞ 114 በስህተት ያዘ። ድምሩ 158። ሪፖርቱ ላይ ከ20 በመቶ ወደ 16 በመቶ ወረደ ይባላል። ሕመሙን በግማሽ የቀነሰ ፕሮግራም ወረቀት ላይ ምንም እንዳልሠራ ይመስላል። «ይሄ ነገር አያዋጣም» ተብሎ ሊዘጋም ይችላል።

መፍትሔው የታወቀ ነው። በወንፊቱ ከተያዙትም ካልተያዙትም የተወሰኑትን መርጦ፣ በሠለጠነ ባለሙያ ረዘም ባለ ቃለ መጠይቅ እንደገና ማየት ነው። ከዚያ አሃዙን ማስተካከል። ወጪ አለው። ጊዜ ይወስዳል። እንግሊዝ ከ1993 ጀምራ በየሰባት ዓመቱ ገደማ የምታካሂደው የአዋቂዎች የአእምሮ ጤና ጥናት ለአንዳንዶቹ ሕመሞች በዚህ ዓይነት በሁለት ደረጃ ነው የሚሠራው። ያንን ማድረግ ካልተቻለ ቢያንስ ሪፖርቱ ላይ «ድብርት አለባቸው» ብላችሁ አትጻፉ። «በመጠይቁ 10 ነጥብና ከዚያ በላይ አምጥተዋል» በሉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ታማኝነት ናት።

እዚያ የእንግሊዝ ጥናት ላይ የምወደው ነገር ደግሞ አለ። ስንት ሰው ታመመ ብሎ ብቻ አያቆምም፤ ከታመሙት ስንቱ ሕክምና አገኘ ብሎም ይጠይቃል። በ2007 ድብርትና ጭንቀትን ከመሳሰሉ የተለመዱ ሕመሞች ካለባቸው ሕክምና ላይ የነበሩት 24 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2008 መንግሥት በንግግር የሚሰጥ ሕክምናን ለብዙኃኑ የሚያደርስ ትልቅ ፕሮግራም ጀመረ። በ2014 ሲለካ 37 በመቶ ደረሰ። ጭማሪው ሁሉ ከዚያ ፕሮግራም መጣ አልልም። ነገር ግን ተመሳሳይ ጥያቄ በተመሳሳይ መንገድ ደጋግሞ የጠየቀ አገር ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያያል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ጥናት ፎቶ ነው። ፎቶ ደግሞ እየተሻለን ይሁን እየባሰን አይነግረንም።

ይህ «ስንቱ ደረሰው» የሚለው ጥያቄ በድሃ አገሮች ይበልጥ ያማል። በ2004 የታተመው የዓለም ጤና ድርጅት የብዙ አገሮች ጥናት፣ ገቢያቸው አነስተኛ በሆኑ አገሮች ከባድ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ከ76 እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት ባለፈው አንድ ዓመት ምንም ሕክምና እንዳላገኙ አሳየ። በሀብታሞቹም ከ35 እስከ 50 በመቶ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ማይታዩት ሰዎች ልናገር። የቤት ለቤት ጥናት ቤት ያለውን ነው የሚያገኘው። ጎዳና ላይ ያለው የለም። እስር ቤት ያለው የለም። ሆስፒታል የተኛው የለም። ቀን ስንሄድ ሥራ የሄደው የለም። ከሁሉ በላይ ጓዳ የተደበቀው የለም። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች «ስንት ሰው አላችሁ?» ሲባሉ እሱን ሳይቆጥሩት ይቀራሉ። ጭካኔ አይደለም። ኀፍረትና ፍርሃት ነው።

ከከባዶቹ የአእምሮ ሕመሞች አንዱ የሆነው ስኪዞፍሬንያ ደግሞ በዓለም ከ300 ሰው አንዱን ገደማ ነው የሚይዘው። 1,000 ሰው ብንጠይቅ ሦስት ወይም አራት ሰው እናገኝ ይሆናል፤ በእነሱ ላይ ተመሥርቶ ዕቅድ አይወጣም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። በቡታጅራ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው ጥናት ሁለቱንም ነበር ያደረገው። ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ከ68,000 በላይ ሰዎች በመጠይቅ ተጠየቁ። ጎን ለጎን ደግሞ አካባቢውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች «እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ሰው ታውቃላችሁ?» ተባሉ። አንዱ መንገድ ያመለጠውን ሌላው ይይዛል። ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ጥቅሙ ትልቅ ነው። ሆኖም ስም የሚሰጠን የጎረቤቱን ምስጢር ይዞ ነውና አጠያየቃችን ይጠንቀቅ። በአደባባይ አይደረግ። ስሙ የተሰጠውም ሰው ራሱ ካልፈቀደ አይቀጠል።

አሁን ወደ ማኅበራዊ አገልግሎቱ። ሶሻል ወርከሮች፣ ይሄ የናንተ ነው።

አንድ ሰው «እንቅልፍ የለኝም፣ ይጨንቀኛል፣ ምግብ አስጠላኝ» ሲለን የምናውቀው መከራ ላይ መሆኑን ነው። መከራው ግን ከምን እንደመጣ አናውቅም። ነገ ከቤቱ የሚያስወጡት ሰው እንቅልፍ ቢያጣ ጤነኛ አእምሮ ነው ያለው። ለሱ የሚያስፈልገው ቤት ነው፣ ክኒን አይደለም። ስለዚህ የምልክት መጠይቅ ብቻውን ይዞ የወጣ ጥናት ሁሉንም ችግር ወደ ክሊኒክ ይልካል። ክሊኒኩም ይጨናነቃል። ሰውየውም ቤት ሳያገኝ ይመለሳል።

በ2011 የዓለም ጤና ድርጅትና የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ሄስፐር የሚባል መጠይቅ አወጡ። በአደጋ ውስጥ ላሉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። 26 ጥያቄ አለው። ውኃ፣ ምግብ፣ መጠለያ፣ ደህንነት፣ ገቢ፣ ከቤተሰብ መለያየት፣ ክብርን መነካት እያለ ይጠይቃል። በመጨረሻ «ከእነዚህ ውስጥ የባሱብዎት የትኞቹ ናቸው?» ብሎ ምርጫውን ለሰውየው ይተዋል። እኔ ይህችን የመጨረሻ ጥያቄ በጣም እወዳታለሁ። ቅደም ተከተሉን የሚያወጣው ባለችግሩ ነው።

የሕመሙን ክብደት መለየትም እንደዚሁ። በ2019 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት አለ። ጦርነት ባለባቸው አካባቢዎች ከ100 ሰው 22ቱ የሆነ የአእምሮ ሕመም አለባቸው። ይህን «22 በመቶ» ይዞ በጀት የሚሠራ ሰው ይደነግጣል፤ «ይህን ሁሉ ሰው የት አባቴ አስታክማለሁ?» ብሎ ዶሴውን ይዘጋዋል። ሲዘረዘር ግን 13ቱ ቀላል፣ 4ቱ መካከለኛ፣ 5ቱ ከባድ ናቸው። ቀላሉን የሠለጠነ ጎረቤትና የቡድን ውይይት ይረዳዋል። መካከለኛውን ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ። ለከባዱ ስፔሻሊስትና መድኃኒት የግድ ነው። ሲዘረዘር ሊሠራ የሚችል ሥራ ይሆናል።

አንዳንዴም ትልቁ መፍትሔ ከጤና ቢሮ ውጭ ነው ያለው። ስሪላንካን እዩ። በ1995 ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ቁጥር በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነበር። መረጃው ሰዎቹ ምን ያህል እንደሆኑ ብቻ ሳይሆን በምን እንደሞቱም ይናገር ነበር። አብዛኛው በእርሻ ፀረ ተባይ ነበር። መንግሥት በጣም መርዛማ የሆኑትን በ1995 አገደ፤ በ1998 ሌላ ጨመረበት። በአሥር ዓመት ውስጥ ቁጥሩ በግማሽ ወረደ። ውሳኔው የእርሻ ውሳኔ ነው። ሕይወት ያተረፈው ግን መረጃው በትክክለኛው ሰው ጠረጴዛ ላይ ስለደረሰ ነው። ኢንዶኔዥያ ደግሞ ለድኻ ቤተሰቦች በቀጥታ ገንዘብ የሚሰጥ ፕሮግራም በገባባቸው አካባቢዎች ራስን ማጥፋት 18 በመቶ ገደማ መቀነሱን በ2019 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ይህን ያየ ሰው የሴፍቲኔት በጀት ላይ ሲነጋገር የአእምሮ ጤና ባለሙያውን አይረሳውም።

ሰው የለንም ለምትሉኝ የዚምባብዌን ነገር ልጨርስላችሁ። ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የሥነ አእምሮ ሐኪም ናቸው። አንዲት ታካሚያቸው ወደ ሆስፒታል ለመምጣት የአውቶብስ ገንዘብ አጥታ ቀረች፤ ራሷንም አጠፋች። ሐኪሙ በየሰፈሩ መድረስ አይችሉም። በአገሩ ያሉት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ2006 በሐራሬዋ ምባሬ ሰፈር 14 አያቶችን አሠለጠኑ። አያቶቹ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የመጣውን ሰው ያዳምጣሉ። ያችኑ ቅድም ያልኳችሁን 14 ጥያቄ ያቀርባሉ። ከዚያ ከብዙ ችግሮቹ አንዱን አብረው መርጠው መላ ይፈልጋሉ። በ2016 የወጣው ጥናት በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎችን አነጻጸረ። ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የታየባቸው አያቶቹ ጋር ከተቀመጡት 14 በመቶ፣ የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት 50 በመቶ ሆኑ። ልብ በሉ፣ መጠይቁና ወንበሩ አንድ ቦታ ላይ ናቸው። የጠየቀችው አያት የምትሰማውም እሷ ነች። «ከዚህ በኋላስ?» ለሚል ሰው መልሱ እዚያው ተቀምጧል።

ወደ እኔ ልመለስ። ከዚያች እናት ቤት ከወጣሁ ከሦስት ሳምንት በኋላ በራሴ ጊዜ ተመልሼ ሄድኩ። በሕይወት አሉ። ልጃቸው ሐኪም ጋር ወስዳቸዋለች። «ያን ቀን ስለጠየቅሽኝ ነው የነገርኳት» አሉኝ። ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ውስጥ አይከትም፤ ጥናቶችም ይህንን ነው የሚሉት። ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ሰው አጥቶ የኖረ ቃል ነው። አደጋው ጠይቆ መሄድ ነው።

ስለዚህ አሁን እኔ በምመራው ጥናት ሁሉ ሥራ የሚጀምረው ከመጠይቁ በፊት ነው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። ሰው ብንልክ ማን ይቀበላል፣ በየትኛው ቀን፣ በነፃ ነው ወይ ብለን እንጠይቃለን። መልሱ «ማንም የለም» ከሆነ ጥናቱ ይቆያል። ሰብሳቢዎቹ ጥያቄ 17 ላይ «አዎ» ሲባል መጠይቁን አጥፈው እንዲቀመጡ ይለማመዳሉ። አሁንም ያስባሉ ወይ፣ ዝግጅት አድርገዋል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ብቻቸውን ትተው አይወጡም። ለአስተባባሪ ይደውላሉ። ለሰብሳቢዎቹም ማታ የሚያዳምጣቸው ሰው አለ፤ የሰው መከራ ተሸክሞ ቤት መግባት ይከብዳል።

የመጨረሻው ሥራ ውጤቱን ይዞ መመለስ ነው። አንድ ጊዜ በአንድ ሰፈር ሴቶች ላይ የእንቅልፍ ችግር ከወንዶቹ በጣም በዝቶ አገኘነው። እኛ ቢሮ ተቀምጠን ብዙ ተፈላሰፍን። ሆርሞን ነው አልን። የቤት ሥራ ጫና ነው አልን። ከዚያ ነዋሪዎቹን ሰብስበን ውጤቱን የሚያሳየውን ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጠፍን። አንዲት ሴት ከኋላ ተነሳች። «እናንተ ሴት ላይ በዝቷል ትላላችሁ። ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ ለይታችሁ እዩት እስቲ» አለች። ላፕቶፑን ከፈትን። እዚያው ለየነው። ችግሩ የተከማቸው ከመንገዱ ወዲያ ነበር። «እዚያ መብራት የለም» አለች። «ሴት ልጄ ከማታ ሥራ እስክትመለስ በር ላይ ቆሜ ነው የማድረው። እዚህ ያሉት እናቶች ሁሉ እንደዚያው ናቸው።» አዳራሹ ውስጥ የነበሩ ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሪፖርቱን አዙረን ጻፍነው። አንደኛው ቅጂ ለጤና ቢሮ ሄደ። ሁለተኛውን የመንገድ መብራት ለሚመለከተው ክፍል እኔ ራሴ ይዤ ሄድኩ። ኃላፊው ርዕሱን አየና «የአእምሮ ጤና ከኛ ጋር ምን አገናኘው?» አለኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ስለ ሴትየዋ ነገርኩት።